አንበሶቹና የሜዳ አህዮቹ

ባለፈው ሳምንት ማታ በጥቁር ሰሌዳው ላይ መቀነስ ስንለማመድ አንድ አባት እጃቸውን አወጡ። «ልጆቼ፣ መደመሩስ እሺ፤ እህል ለመስፈር ይጠቅመናል። ይሄ መቀነስ ግን ከዕዳ ሌላ ምን ይሠራል?» አሉን። ክፍሉ ሁሉ ሳቀ። እኛም ሳቅን። ጥያቄያቸው ግን ቀልድ አልነበረም። መልሱን በጨዋታ ወሬ ልንሰጣቸው ቃል ገባን። ይኸው ቃላችን።

ወሬው ስለ እጅ ኳስ ነው። እግር ኳስን ሁላችሁም ታውቃላችሁ። በእጅ ኳስ ግን ኳሱን የሚቀባበሉትም፣ ወደ ጎል የሚወረውሩትም በእጅ ነው። ከእያንዳንዱ ወገን ሰባት ሰባት ሰው ይሰለፋል። ከሰባቱ አንዱ በረኛ ነው። የሜዳው ርዝመት 40 ሜትር፣ ወርዱ 20 ሜትር ነው። ትናንት ከትምህርት ቤቱ ጀርባ በገመድ ለክተን አየነው። ሁለት ትላልቅ አውድማ ያህል ሆኖ አገኘነው።

ተጫዋቹ ኳሱን እንደያዘ ከሦስት እርምጃ በላይ መሄድ አይችልም። ሳያነጥር ከሦስት ሰከንድ በላይ መያዝም አይፈቀድለትም። ከጎሉ 6 ሜትር ርቆ አንድ መስመር አለ። ከመስመሩ ወዲያ፣ በጎሉ በኩል፣ መቆም የሚችለው በረኛው ብቻ ነው። ከባድ ጥፋት ያጠፋ ተጫዋች ለሁለት ደቂቃ ከሜዳ ይወጣል። ያን ጊዜ ጓደኞቹ በስድስት ሰው ይታገላሉ። ጨዋታው ሠላሳ ሠላሳ ደቂቃ ሁለት ጊዜ ነው።

በእግር ኳስ ሦስት ጎል ያገባ ቡድን ይጨፍራል። በእጅ ኳስ ግን አንድ ቡድን ብቻውን 30 ጎል ቢያገባ የሚደነቅ የለም። ስለዚህ አንዲት ጎል ርካሽ ትመስላለች። ትመስላለች እንጂ አይደለችም።

34 ጨዋታ

እጅ ኳስን እንጀራቸው ያደረጉ ሰዎች አሉ። ደመወዝ ይቆረጥላቸዋል፤ ሥራቸው መለማመድና መጫወት ነው። እንዲህ ካሉት ውድድሮች አንዱና ብርቱው የጀርመን አገር ሊግ ነው። ስሙን ቡንደስሊጋ ይሉታል።

የምንነግራችሁ ስለ አንድ ዓመት ውድድር ነው። ውድድሩ በነሐሴ 2005 ዓ.ም. ተጀምሮ በግንቦት 2006 ዓ.ም. አለቀ። በአውሮፓ አቆጣጠር ከ2013 እስከ 2014 ማለት ነው። በዚያ ዓመት 18 ቡድኖች ተወዳደሩ። እያንዳንዱ ቡድን ከሌሎቹ 17 ጋር ሁለት ሁለት ጊዜ ይጫወታል፤ አንድ ጊዜ በራሱ ቤት፣ አንድ ጊዜ በእንግድነት። 17 እና 17 ሲደመር 34 ይሆናል። ያሸነፈ 2 ነጥብ ያገኛል። እኩል የወጣ 1 ነጥብ ይይዛል። የተሸነፈ ባዶ እጁን ይመለሳል።

ሁለት ቡድኖች በነጥብ እኩል ቢሆኑስ? መቀነስ የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። በዓመቱ ካገባው ጎል ላይ የገባበት ጎል ይቀነሳል። ቀሪው የጎል ልዩነት ይባላል። ልዩነቱ የሚበልጥ ይቀድማል።

ሁለቱ ቡድኖች

ኪል በሰሜን ጀርመን፣ በባልቲክ ባሕር ዳር ያለች የወደብ ከተማ ናት። የኪል ቡድን ማልያ ነጭና ጥቁር መስመር አለው። ስለዚህ ሰዉ «የሜዳ አህዮቹ» ይላቸዋል። እነዚህ ሰዎች ማሸነፍ ልማዳቸው ነው። እስከዚያ ዓመት ድረስ 18 ጊዜ የጀርመን ሻምፒዮን ሆነዋል። እንዲያውም ከዚያ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ 34ቱንም ጨዋታ አሸንፈው፣ 68 ነጥብ ይዘው ጨርሰው ነበር። አንድም ነጥብ ለማንም አልሰጡም።

ሁለተኛው ቡድን ራይን ኔካር ሌቨን ይባላል። ራይንና ኔካር ማንሃይም በምትባል ከተማ የሚገናኙ ሁለት ወንዞች ናቸው። ሌቨን ማለት በጀርመንኛ አንበሶች ማለት ነው። አንበሶቹ ብርቱዎች ነበሩ። ሻምፒዮን ግን አንድም ጊዜ ሆነው አያውቁም ነበር። የቡድኑ አምበል ኡቨ ጌንስሃይመር የዚያችው የማንሃይም ልጅ ነው።

የሚገርመው፣ የሁለቱም ቡድን አሰልጣኞች የአንድ አገር ሰዎች ነበሩ። የኪሉ አልፍሬድ ጊስላሰን፣ የአንበሶቹ ደግሞ ጉድሙንዱር ጉድሙንድሰን ይባላሉ። ሁለቱም አይስላንድ ከምትባል የደሴት አገር የመጡ ናቸው።

የመጨረሻው ቀን

33 ጨዋታ አለቀ። አንድ ቀረ። ሰሌዳው ላይ ሲታይ የሜዳ አህዮቹ 57 ነጥብ፣ አንበሶቹም 57 ነጥብ። በጎል ልዩነት ግን አንበሶቹ በ7 ጎል ይበልጡ ነበር። ሻምፒዮንነቱ በእጃቸው ሊገባ አንድ ሰዓት ጨዋታ ቀረው።

ቀኑ ቅዳሜ፣ ግንቦት 16 ቀን 2006 ዓ.ም. ነበር። የሜዳ አህዮቹ በቤታቸው በኪል የበርሊንን ቡድን ገጠሙ። አንበሶቹ ጉመርስባኽ ወደምትባል ከተማ በእንግድነት ሄዱ። ስለዚህ ሁለቱ ቡድኖች ፊት ለፊት አልተያዩም። አንዱ በሰሜን፣ አንዱ በምዕራብ ሆኖ ይጫወታል። ሲጫወቱ ግን አንዱ ሌላውን በሒሳብ ያሳድዳል።

እንግዲህ ሰሌዳውን እንመልከት። አንበሶቹ 40 ለ35 አሸነፉ። ከ40 ላይ 35 ሲቀነስ 5 ነው። በፊት የነበራቸው ብልጫ 7 ነው። 7 እና 5 ሲደመር 12 ሆነ። የሜዳ አህዮቹ ሊያልፏቸው ከፈለጉ ከ12 በላይ በሆነ ልዩነት ማሸነፍ አለባቸው። ይህ በእንዲህ ያለ ሊግ ውስጥ ቀላል ነገር አይደለም።

የሜዳ አህዮቹ 37 ለ23 አሸነፉ። ከ37 ላይ 23 ሲቀነስ 14 ነው። ከ14 ላይ 12 ሲቀነስስ? 2!

አንበሶቹ አሸንፈው ሳለ ዋናውን ነገር አጡ። ሁለቱም ቡድኖች 59 ነጥብ ይዘው ጨረሱ። የሜዳ አህዮቹ በሁለት ጎል ብልጫ ለ19ኛ ጊዜ ሻምፒዮን ሆኑ።

ያቺ ጎል የት ገባች?

እኛ ይህን ታሪክ ስናስብ አንድ ነገር ይከነክነናል። እነዚያ ሁለት ጎሎች የትኞቹ ናቸው? የመጨረሻው ቀን ጎሎች ብቻ ናቸው እንዳንል፣ ሒሳቡ የተጀመረው በነሐሴ ነው። ምናልባት በጥቅምት፣ ጨዋታው ድል ሆኖ ሳለ፣ ደክሟቸው በግድየለሽነት የለቀቋት ኳስ ትሆናለች። ምናልባትም በጥር ከበረኛው እጅ ያመለጠች ትሆናለች። በገባች ሰዓት ማንም አላዘነላትም ይሆናል። በግንቦት ስትቆጠር ግን የዓመት ልፋት ይዛ ሄደች። ለዚህ ነው በዚያ ሊግ ውስጥ ድሉ ቢታወቅም እስከ መጨረሻዋ ደቂቃ የሚሮጡት። የሚሸነፍ ቡድንም ቢሆን በስምንት ከመሸነፍ በአምስት መሸነፍ ይሻለዋል።

የሜዳ አህዮቹም ደስታቸው አልረዘመም። በስምንተኛው ቀን ኮሎኝ በምትባል ከተማ ለአውሮፓ ሻምፒዮንነት ፍጻሜ ቀረቡ። የገጠማቸው የዚያው የጀርመን ሊግ ቡድን፣ ፍሌንስቡርግ ነበር። 30 ለ28 ተሸነፉ። ከ30 ላይ 28 ሲቀነስ አሁንም 2 ነው። በሁለት ጎል ያገኙ፣ በሁለት ጎል አጡ።

አንበሶቹስ? ተስፋ አልቆረጡም። ሁለት ዓመት ቆይተው በ2008 ዓ.ም. (በአውሮፓ በ2016) ለመጀመሪያ ጊዜ የጀርመን ሻምፒዮን ሆኑ። በተከታዩም ዓመት ደገሙት። ጌንስሃይመርም በትውልድ ከተማው ቡድን ይህን የመጀመሪያ ድል ለማየት በቃ።

እንግዲህ አባታችን፣ መቀነስ የሚሠራው ለዕዳ ብቻ አይደለም። የቀረውን ያሳያል። ትንሽ ነው ብለን የተውነውን ፈልጎ ያመጣል።

አሁን ጥያቄው የእናንተ ነው። አንበሶቹ በመጨረሻው ቀን 40 ለ35 በማሸነፍ ፈንታ 40 ለ32 አሸንፈው ቢሆን ኖሮ ማን ሻምፒዮን ይሆን ነበር? በስንት ጎል? በደብተራችሁ ሠርታችሁ ነገ ማታ ይዛችሁ ኑ። ሰሌዳው ላይ የሚጀምሩልን ጠያቂው አባታችን ናቸው።