ለመኝታ ቤት ባለፍሬም መስተዋት ስለ መምረጥ

ለመኝታ ቤታቸው መስተዋት የሚሹ ደንበኞቼ ዘወትር የሚጠይቁኝ ስለ ፍሬሙ ቅርጽና ኅብር ቢሆንም፣ እኔ አስቀድሜ የምመረምረው መስተዋቱን ራሱን ነው፤ ያረጀ ፍሬም ይለወጣልና፣ መልክን የሚያጣምም መስተዋት ግን በምንም ጌጥ አይቃናም። ስለዚህ ከመግዛታችሁ በፊት ጥቂት ርምጃ ርቃችሁ በውስጡ የሚታየውን የበር መቃን ተመልከቱ፤ ራሳችሁን ቀስ ብላችሁ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ስታዘነብሉ የመቃኑ መስመር የሚዋልል ከሆነ ተዉት።

መላ አካልን ለማየት የቁመት ያህል መስተዋት ያስፈልጋል የሚሉ ብዙዎች ናቸው፤ ነገር ግን በብርሃን ነጸብራቅ ሥርዓት የቁመት እኩሌታ ይበቃል፤ ይኸውም 170 ሴንቲ ሜትር ለሚረዝም ሰው 85 ሴንቲ ሜትር የሆነ መስተዋት፣ የላይኛው ጠርዝ ከዐይኑ 5 ወይም 6 ሴንቲ ሜትር ከፍ ብሎ በግድግዳው ላይ ቀጥ ተደርጎ ቢሰቀል፣ ቀርቦም ሆነ ርቆ ቢቆም ከራስ ጠጉሩ እስከ እግር ጥፍሩ ያሳየዋል።

ለፍሬም እኔ የምወደው ዋንዛን ነው፤ ጠባዩ የረጋ፣ መልኩም ሞቅ ያለ ነውና። ማዕዘኑን ግን በጣታችሁ ዳስሱት፤ በቅጡ ሳይደርቅ የተሠራ እንጨት ውሎ አድሮ ሲኮማተር አስቀድሞ የሚከፈተው በዚያ መጋጠሚያ ነው።

4 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው አንድ ካሬ ሜትር መስተዋት ያለ ፍሬሙ 10 ኪሎ ያህል ስለሚመዝን፣ በብሎኬት ግድግዳ ላይ በተራ ምስማር አትስቀሉት፤ በድሪል ተበስቶ ፊሸርና ብሎን ይግባለት።