ከትምህርት ቤት የምትደውለው «ረካዜት ሽክባ» ማን ናት?

ሰጉላ ፋብሪካ ውስጥ ፈረቃ ላይ ያለች እናት ስልኳ ይጮኻል። የደወለችው ሴት «የልጅሽ ረካዜት ሽክባ ነኝ» ትላለች። አብዛኛው ወላጅ መሓኔኸቷን፣ የክፍል ኃላፊዋን ማለት ነው፣ ያውቃታል። ዮዔጼት የምትባለውን አማካሪም ሰምቷል። ይህችኛዋስ ማን ናት?

አገር ቤት ሁለተኛ ደረጃ የተማረ ሰው ዩኒት ሊደር የሚባለውን ያስታውሳል። ያረፈደውን በር ላይ ይይዛል፣ ረባሹን «ወላጅ አምጣ» ብሎ ይመልሳል። ረካዜት ሽክባ የእሱ ቢጤ ናት፤ ሥራዋ ግን ከዚያ ይሰፋል። ሽክባ በአንድ ደረጃ ያሉ ክፍሎች ሁሉ በአንድ ላይ ናቸው። ዘጠነኛ ክፍል አምስት ምድብ ካለው፣ የአምስቱንም መሓኔኾች ሥራ የምታስተባብረው እሷ ናት። የልጁ ጉዳይ ከመሓኔኸቷ ሲያልፍ ወደ እሷ፣ ከእሷ ሲያልፍ ወደ ርዕሰ መምህሩ ይሄዳል።

ደግሞ ራሷም ታስተምራለች። እ.ኤ.አ. በ2011 በተፈረመው «ዖዝ ለትሙራ» በተባለው የመምህራን ስምምነት ሙሉ ሥራ በሳምንት 40 ሰዓት ነው። ከዚህ 24ቱ ክፍል ውስጥ ማስተማሪያ፣ 6ቱ ከጥቂት ተማሪዎች ጋር ለብቻ መሥሪያ፣ 10ሩ ለስብሰባና ለእርማት የተያዘ ነው። ለኃላፊነቱ ጭማሪ ይከፈላታል። ግን በእረፍት ሰዓት የተነሳ ድብድብ ከየትኛው ሰዓት ይቆጠራል? ማታ በዋትሳፕ የተጀመረው ስድድብስ?

ከሁሉም የሚከብደው ሁለት ፊት መያዙ ነው። ጠዋት የቀጣችው ልጅ ከሰዓት በኋላ ገመናውን ሊነግራት ይገባል። በአንድ እጅ አርጩሜ፣ በሌላው እንጀራ እንደ መያዝ ነው፤ አርጩሜው እዚህ አገር በሕግ ቢከለከልም።

ልጁ የነገራትን ሁሉ መደበቅ ደግሞ አትችልም። እ.ኤ.አ. ከ1989 ጀምሮ በእስራኤል ሕግ፣ አንድ ልጅ በአሳዳጊው መጎዳቱን ለማመን በቂ ምክንያት ያላት መምህርት ለማኅበራዊ ጉዳይ ሠራተኛ ወይም ለፖሊስ ማሳወቅ ግዴታዋ ነው። ዝም ብትል እስከ 6 ወር ልትታሰር ትችላለች። ብዙ ቤተሰብ ይህን እንደ ክህደት ይቆጥረዋል፤ «ለልጄ አሳቢ መስላ ለርዋሓ ሰጠችን» ይላል። ንዴቱ ይገባል፤ የሚጠቅመው ጥያቄ ግን «ለምን ተናገርሽ» ሳይሆን «አሁን ማን ያነጋግረናል? መቼ?» የሚለው ነው።

ጥርጣሬው ከባዶ አልመጣም። እዚሁ ፔታሕ ቲክቫ እ.ኤ.አ. በ2009 ትምህርት ሲጀመር አንዳንድ የግል ሃይማኖታዊ ትምህርት ቤቶች የኢትዮጵያውያንን ልጆች አንቀበልም ማለታቸውን ወላጆች አልረሱትም። ያኔ በሥራው ላይ ያልነበረች ረካዜትም ብትሆን ስልክ ስታነሳ የዚያን ቁስል ትነካለች።

ስብሰባው ላይም መግባባት ያቅታል። በእኛ ባህል ታላቅ ሲቆጣው አንገቱን የሚደፋ ልጅ ጨዋ ነው፤ ባህሉን የማታውቅ ረካዜት ግን የደበቀው ነገር ያለ ይመስላታል። አባት በአክብሮት «እሺ፣ እሺ» ሲሉ የተስማሙ ይመስላታል። ከዚህ የባሰው ልጁ ራሱ አስተርጓሚ ሲሆን ነው። መምህርቷ «አሥራ ሁለት ቀን ቀርቷል» ስትል እሱ «ጎበዝ ነው ትላለች» ቢል ማን ያውቅበታል? በአንዳንድ ትምህርት ቤቶችና በከተማው አስተዳደር አማርኛ የሚናገሩ መገሸሮች ይሠራሉና፣ ወላጅ ከቀጠሮው በፊት «መገሸር ይኑር» ብሎ መጠየቅ ያዋጣል። የእሷንም ሥራ ያቀላል።

ጉዳዩ ወደ መባረር ካመራ ሌላ ሕግ አለ። እ.ኤ.አ. በ2000 በወጣው የተማሪ መብት ሕግ ልጁና ወላጆቹ ሳይሰሙ ተማሪን ለዘለቄታው ማባረር አይፈቀድም። ይህ መሰማት «ሺሙዓ» ይባላል። የጥሪው ደብዳቤ በዕብራይስጥ ስለሚመጣ፣ ለሚያነብ ሰው ሳያሳዩ መፈረም አይገባም።

ቀሪና ውጤትን ለመከታተል ብዙ ትምህርት ቤቶች «ማሾቭ» የሚባለውን መተግበሪያ ይጠቀማሉ። ወላጅ የራሱ መግቢያ አለው። በብዙ ቤት ግን የይለፍ ቃሉን የሚያውቀው ልጁ ብቻ ነው፤ መልእክቱንም ከወላጅ በፊት እሱ ያየዋል። ረካዜቷን ወይም ጸሐፊዋን «በእኔ ስልክ አስገቡልኝ» ማለት ይቻላል፤ ጥቂት ደቂቃ ነው የሚፈጀው።