ቤት ስንለቅ ግድግዳው ላይ የምንተወው



ሰኔ ገብቷል። ከግቢ ውጭ ቤት ተከራይተን የምንኖር ተመራቂዎች ሻንጣ ማዘጋጀት ጀምረናል። የአጎበሩ ገመድ፣ የልብስ መስቀያውና የሶላት ሰዓት ካላንደሩ ሲወርዱ ግድግዳው ላይ የሚቀረው ቀዳዳ ነው።

ባለፈው ዓመት አንዳንዶቻችን ቀዳዳውን በጥርስ ሳሙና ሞልተን፣ ቁልፍ አስረክበን ወጣን። ሳሙናው ደርቆ ሲረግፍ ሁሉም ተገለጠ። ታናናሾቻችን ያንኑ ቤት ሊከራዩ ሲሄዱ አከራያችን የነበሩት እናት «ከእንግዲህ ለተማሪ አላከራይም» ብለው መለሷቸው። ቀዳዳው ትንሽ ነበር፤ ያጠፋነው ግን የእነርሱን አመኔታ ነው።

የተከራየነው ቤት በእጃችን ያለ አማና ነው። ሱረቱ-ን-ኒሳእ አንቀጽ 58 አማናን ለባለቤቱ መመለስን ያዛል። ዑለማዎች ስለ ኪራይ ሲያብራሩ፣ ተከራይ በተለመደ አኗኗር ላረጀው ነገር አይጠየቅም፤ ወሰን አልፎ ወይም ቸል ብሎ ላበላሸው ግን ይጠየቃል ይላሉ። በጊዜ ብዛት የደበዘዘ ቀለም ዕዳችን አይደለም፤ ሳናስፈቅድ የመታነው ምስማር ግን ዕዳችን ነው።

ነቢዩ (ሰለላሁ ዐለይሂ ወሰለም) ገበያ ውስጥ እጃቸውን ወደ እህል ክምር አስገብተው ከሥር እርጥብ ማግኘታቸውና ነጋዴውን መውቀሳቸው በሰሒሕ ሙስሊም ተዘግቧል። በጥርስ ሳሙና የተሸፈነ ቀዳዳም ከዚያ እርጥብ እህል ብዙ አይርቅም። መጠገን ሌላ፣ መደበቅ ሌላ ነው።

ታዲያ እንዴት እንጠግን? መጀመሪያ ለአከራያችን እንንገር። አንዳንዱ ራሱ ሊያሠራው ይፈልጋል፤ አንዳንዱም የተረፈ ቀለም አስቀምጦ ይሆናል።

ምስማር በጉጠት ስንነቅል ከጉጠቱ ሥር ቁራጭ እንጨት እናስደግፍ፤ አለዚያ ልስኑ አብሮ ይነሳል። ፊሸር ካለ ብሎኑን እስከ ግማሽ አስገብተን በጉጠት ስንስበው ተያይዞ ይወጣል። ቀዳዳው ሶኬት ወይም ማብሪያ ማጥፊያ አጠገብ ከሆነ አስቀድመን መብራቱን ከቆጣሪው እናጥፋ።

ቀጥሎ የላላውን ልስንና ቀለም ፍቀን፣ አቧራውን ጠርገን፣ ቀዳዳውን በውሃ እናርጥበው። ደረቅ ግድግዳ የጀሶውን ውሃ ስለሚመጥ ጀሶው በቅጡ ሳይጠነክር ይረግፋል።

ጀሶ ከሕንጻ መሣሪያ መሸጫ ይገኛል። ውሃው ቀድሞ ዕቃ ውስጥ ይገባል፤ ጀሶው ላዩ ላይ ይነሰነሳል። ለአንድ እጅ ውሃ ሁለት እጅ ገደማ ጀሶ ይበቃል። በደቂቃዎች ውስጥ ስለሚጠጥር ትንሽ ትንሽ እናዘጋጅ። መጠጠር ከጀመረ በኋላ ውሃ ብንጨምርበት ጥንካሬውን ያጣል። በስፓቱላ ወይም በአሮጌ የፕላስቲክ ካርድ ተጭነን እንሙላው፤ ጥልቅ ከሆነ በሁለት ዙር። ሲደርቅ አፍና አፍንጫችንን ሸፍነን በብርጭቆ ወረቀት እናለስልሰው። ትራፊውን ማጠቢያ ውስጥ አንድፋ፤ ቱቦው ውስጥ ደርቆ ይደፍነዋል።

የጭቃ ቤት ከሆነ የሚስማማው የራሱ ጭቃ ነው። የተነፋ አፈር በደቃቁ ከተከተፈ ጭድ ጋር አቡክተን እንድፈነው። ሲደርቅ ስለሚኮማተርና ስለሚሰነጠቅ በማግስቱ ሁለተኛ ዙር ያስፈልገዋል።

የመጨረሻው ቀለም ነው። ነጭ ሁሉ አንድ አይደለም፤ የተረፈ ከሌለ ትንሽ ቅራፊ ይዘን ወደ ቀለም መሸጫ እንሂድ። ጀሶ ቀለም ስለሚመጥ የውሃ ቀለም ከሆነ የመጀመሪያውን ዙር እናቅጥነው። ከዚያ በስፖንጅ ጠርዙን እየነካካን ከአሮጌው ጋር እናዋህደው።

ወጪው ከከበደን ተጋርተን እንግዛ፤ አንድ ኪሎ ጀሶ ለብዙ ክፍል ይበቃል።

ቁልፍ ስናስረክብ የጠገንነውን ቦታ በጣታችን እናሳይ፦ «እዚህና እዚህ ቀዳዳ ነበር፣ ደፍነነዋል፤ የጎደለ ካለ ንገሩን፤ አፉ በሉን።» አፉ ተባብሎ የተለቀቀ ቤት ለሚቀጥለው ተማሪ በሩ ክፍት ነው።

አላህ የሰው ሐቅ ሳይኖርብን የምንወጣ ያድርገን። ወሏሁ አዕለም።