ኢንዶርፊን፦ ኮሶዬ አፋፍ ላይ ጭላዳዎች የሚሰጣጡት

ከጎንደር ወደ ደባርቅ የሚሄድ መንገደኛ ኮሶዬ ላይ ሲወርድ ዓይኑ ቀድሞ ገደሉ ላይ ያርፋል። እኔ ግን ሣሩ ላይ የተቀመጡትን ጭላዳዎች ጣት እዩልኝ እላለሁ። አንዷ ጀርባዋን ሰጥታ ታጎነብሳለች። ሌላዋ ከኋላዋ ተቀምጣ ፀጉሯን በሁለት እጇ እየከፈለች ትዳብሳለች፤ አልፎ አልፎም አንዳች ነገር ለቅማ ወደ አፏ ትወስዳለች። የምትቀመለዋ ትከሻዋ ይረግባል፣ ዓይኗም ክድን ክድን ይላል።

ጭላዳ ሣር በል ነው። በሣር ለመጥገብ አብዛኛውን ቀን ሲነጭ መዋል አለበት። ታዲያ ከዚያች ውድ ጊዜ ቀንሶ መቃመሉ ለምንድን ነው? እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ስሜን ተራሮች ላይ ጭላዳን ያጠናው እንግሊዛዊው ሮቢን ደንባር ኋላ የሰጠው መልስ ከጽዳት ያልፋል፦ መቃመል ወዳጅነትን የሚያጠብቅ ነገር ነው፤ ከበስተጀርባው ደግሞ ኢንዶርፊን አለ።

ኢንዶርፊን አንጎል ራሱ የሚያመርተው ሞርፊን መሰል ንጥረ ነገር ነው፤ ስሙም የተቀዳው ከዚሁ ነው። የነርቭ ሴሎች ላይ ሞርፊን በሚገጥምበት ቦታ ገጥሞ ሕመምን ያስታግሳል፣ ያረጋጋል። ከዚህ የንጥረ ነገር ቤተሰብ መጀመሪያ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1975 አበርዲን ውስጥ ከአሳማ አንጎል ወጣ። በዓመቱ ተመራማሪው ቾ ሃኦ ሊ ቤታ ኢንዶርፊንን ለይቶ አወጣ፤ ያገኘው ከግመል እጢ ነው! እ.ኤ.አ. በ1989 ደግሞ ካምብሪጅ ላይ ታላፖይን የሚባሉ ትንንሽ ጦጣዎች ተጠኑ። ሲቀመሉ ኢንዶርፊናቸው ጨመረ፤ ሥራውን የሚያግድ መድኃኒት ሲሰጣቸው ደግሞ ቀምሉኝ ማለት አበዙ።

የእኛም ቆዳ ዝግ ያለ ዳበሳን በተለይ የሚያዳምጡ ነርቮች አሉት። ሹሩባ ስትሠራ እናቷ ጭን ላይ እንቅልፍ የሚወስዳት ልጅ ይህን ሳትማር ታውቀዋለች። መዳበስ ብቻም አይደለም፤ የደንባር ባልደረቦች አብረው የሳቁ ሰዎች ሕመም የመቻል አቅማቸው ከፍ እንደሚል አሳይተዋል።

ስሜታችንን ኢንዶርፊን ብቻውን አይሠራውም፤ ዶፓሚን፣ ሴሮቶኒንና ኦክሲቶሲንም የየራሳቸው ድርሻ አላቸው። ሳምንታት የዘለቀ ድብርትም በመዳበስ የሚድን አይደለም፤ ሐኪም ይፈልጋል።

ኮሶዬ ስትደርሱ አደራ፣ ዳቦ አትወርውሩላቸው። ምግብ ሲወረወር መቃመሉ ተቋርጦ ግፊያ ይጀመራል። ራቅ ብላችሁ ተቀመጡና ጣቶቻቸውን እዩ።