የኩላሊት እጥበት፣ ጾምና የኢፍጣር ማዕድ

በረመዳን ወደ መስጂዳችን ከሚመጡ ጥያቄዎች አንዱ «አባቴ የኩላሊት እጥበት ያደርጋል፤ ይጹም ወይስ አይጹም?» የሚል ነው። ጠያቂው ብዙ ጊዜ ልጅ ነው። አባትየው ራሳቸው ሲመጡ ግን አይጠይቁንም፤ «ከልጅነቴ ጀምሮ አንድም ረመዳን አላለፈኝም፤ ዘንድሮም እጾማለሁ» ብለው ይነግሩናል። ቃላቸውን እናከብራለን፤ እንፈራላቸዋለንም።

ፈትዋ የሚቆመው የነገሩን ምንነት በማወቅ ላይ ስለሆነ አስቀድመን ስለ ማሽኑ እንናገር። ጤነኛ ኩላሊት ቀንና ሌሊት ደም እያጣራ ቆሻሻውንና ትርፉን ውሃ በሽንት ያስወጣል። ይህ ሲያቅተው ደሙ በቱቦ ወጥቶ ወደ ማጣሪያ ይገባል። በማጣሪያው ውስጥ እንደ ፀጉር የቀጠኑ፣ ውስጣቸው ክፍት የሆነ በሺዎች የሚቆጠሩ ክሮች አሉ። ደሙ በክሮቹ ውስጥ፣ ጨዋማ ፈሳሽ ደግሞ በውጪያቸው በተቃራኒ አቅጣጫ ይፈሳል። ቆሻሻው በክሮቹ ግድግዳ ሾልኮ ወደ ፈሳሹ ያልፋል፤ የተጣራው ደም ወደ ሰውነት ይመለሳል። አንዱ እጥበት አራት ሰዓት ያህል ይፈጃል፤ አብዛኛው ሕመምተኛ በሳምንት ሦስት ጊዜ ያስፈልገዋል።

መሣሪያውን በሰው ላይ ያዋለው ቪለም ኮልፍ የተባለ ኔዘርላንዳዊ ሐኪም ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1943፣ አገሩ በጀርመን ጦር ተይዛ ሳለች። ማጣሪያው በእንጨት ከበሮ ላይ የተጠመጠመ የቋሊማ መጠቅለያ ሴሎፋን ነበር። (የቋሊማ መጠቅለያ ሲባል የሚደነግጥ ካለ፣ ሴሎፋን የሚሠራው ከዕፅዋት ነው።) የመጀመሪያዎቹን ሕሙማን ማትረፍ አልቻለም። ተስፋ ሳይቆርጥ ቀጥሎ በ1945 አንዲት የ67 ዓመት ሴት በማሽኑ ዳነች።

ወደ ጾሙ እንመለስ። እጥበቱ ጾምን ያፈርሳል ወይስ አያፈርስም በሚለው ዑለማዎች ይለያያሉ። የሳዑዲ ዐረቢያ ቋሚ የፈትዋ ኮሚቴ ያፈርሳል ብሏል፤ ደሙ ሲመለስ ስኳርና ጨው የመሳሰሉ ነገሮች አብረውት ይገባሉና። ሌሎች ደግሞ መብላትም መጠጣትም ስላልሆነ አያፈርስም ይላሉ። ጂዳ ላይ የተሰበሰበው ዓለም አቀፉ የፊቅህ አካዳሚም እ.ኤ.አ. በ1997 ይህን ጉዳይ ለተጨማሪ ጥናት አቆይቶት ነበር። በእኛ አመለካከት ግን ለእኒያ አባት ይህ ክርክር ዋናው አይደለም። በሱረቱል በቀራህ ለሕመምተኛ የተሰጠው ፈቃድ ግልጽ ነው፤ ሩኽሳን መቀበልም ራሱ ለአላህ መታዘዝ ነው። እጥበት በሌለባቸው ቀናት መጾም ይችሉ እንደሆነ የሚወስነው የሚከታተላቸው ሐኪም ነው፤ ጎረቤትም አይደለም፣ እኛም አይደለንም። የመዳን ተስፋ የሌለው ሰው ለእያንዳንዱ ቀን አንድ ሚስኪን የሚመገብበትን ፊድያ ይሰጣል። ንቅለ ተከላ ተደርጎለት መጾም የቻለ ግን የቀዷውን ነገር ኢማሙን ይጠይቅ፤ መዝሀቦቹ አንድ ዓይነት መልስ የላቸውም።

ከጾሙ ይልቅ የሚያሳስበን ኢፍጣሩ ነው። አባት ባይጾሙም ከቤተሰቡ ጋር ለማፍጠር ይቀመጣሉ። ልጆች በፍቅር ተምሩን ያቀርቡላቸዋል፤ ቀጥሎ የአቦካዶ ጁስ፣ ሾርባ፣ ሳምቡሳ። ተምር፣ አቦካዶ፣ ሙዝና ብርቱካን ፖታሲየም የሚባለው ንጥረ ነገር የበዛባቸው ናቸው። ለጤነኛ ሰው ደግ ነው፤ ኩላሊቱ ለቆመ ሰው ግን እስከሚቀጥለው እጥበት በደሙ ውስጥ ይጠራቀማል። ሲበዛ የልብን ምት ያዛባል፤ አንዳንዴም ምንም ምልክት ሳያሳይ ልብን ያቆማል። የሾርባው ጨው ደግሞ ያስጠማል፤ የተጠማ ይጠጣል፤ መውጫ ያጣው ውሃ ሳንባ ላይ ይጠራቀምና ትንፋሽ ያሳጥራል። ከዑምራ የመጣ ዘምዘምም ውሃ ነውና ከቀኑ የውሃ ልክ ይቆጠራል፤ ለበረካው አንድ ጉንጭ ይበቃል። ተምር ያጣ በውሃ እንደሚያፈጥር ሱናው አስተምሮናል፤ ተምር የሚጎዳውም ሰው በአንድ ጉንጭ ውሃ ቢጀምር አይከፋው። እናቶች ድንቹን ከትፈው በብዙ ውሃ ቀቅለው ውሃውን ቢደፉት ፖታሲየሙ ይቀንሳል።

ዒድ ነው ተብሎ የእጥበት ቀን አይዘለል። በሁለት እጥበቶች መካከል ያለው ረጅሙ ክፍተት ከሁሉም አደገኛው ጊዜ ነው። የዒዱ ቀን ከእጥበት ቀን ጋር የሚገጥም ከመሰላችሁ ቀድማችሁ ከሕክምና ክፍሉ ጋር ተነጋገሩ፤ ዘመድ ጥየቃው ከሰዓት በኋላም ይደርሳል።

መድኃኒትም አለ። ማሽኑ መርዙን ከመድኃኒቱ አይለይም፤ ሊያልፍ የሚችለውን ሁሉ ያሳልፋል። ስለዚህም ነው ሜታኖል የጠጣን፣ አስፕሪን ወይም ሊቲየም ከመጠን በላይ የወሰደን ሰው ለማትረፍ የሚያገለግለው። በዚያው ምክንያት አንዳንድ የፀረ ባክቴሪያ መድኃኒቶችም ከደም ታጥበው ስለሚወጡ የሚሰጡት ከእጥበቱ በኋላ ነው። የክኒኑን ሰዓት ሐኪም ሳይጠየቅ ወደ ሱሑርና ኢፍጣር ማዛወር ሕክምናውን ከንቱ ሊያደርገው ይችላል።

ደሙ በቱቦው ውስጥ እንዳይረጋ ሄፓሪን የሚባል መድኃኒት ይሰጣል። አብዛኛው ሄፓሪን ከአሳማ አንጀት የሚወጣ በመሆኑ ልባቸው የማይረጋ አሉ። መጠየቃቸው መልካም ነው። ሌላ የሚተካው ካለ ሐኪሙን ይጠይቁ፤ ከሌለ ግን የተቸገረ ሰው ሕይወቱን ለማትረፍ በተከለከለው ነገር ኃጢአት እንደሌለበት እዚያው ሱረቱል በቀራህ ውስጥ እናነባለን። በዚህ ሰበብ እጥበት ማቆምን እኛ አንፈቅድም።

በዚህ ወር ዘካቸውን የሚያሰሉ ቤተሰቦች ብዙ ናቸው። የእጥበቱን ወጪ መሸፈን ያቃተው ድኻ ሕመምተኛ ከዘካ ተቀባዮች ውስጥ ይገባል። ገንዘቡን በእጁ ስጡት፤ ለሆስፒታሉ በቀጥታ መክፈል ከፈለጋችሁም አስቀድማችሁ ፈቃዱን ጠይቁት፤ ገንዘቡ የእሱ ሐቅ ነውና።