የገና ሳቅና የጎረቤት በር

በገና ሰሞን ልጆች ከቴሌቪዥን ፊት ተሰብስበው ከሚስቁባቸው ፊልሞች አንዱ «ሆም አሎን» የተባለው የአሜሪካ ቀልድ ነው። ጆን ሂዩዝ ደርሶት ክሪስ ኮለምበስ ያዘጋጀው ይህ ፊልም የወጣው በ1983 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1990) ነው። ቤተሰቡ ለበዓሉ ወደ ፓሪስ ሲበር፥ የስምንት ዓመቱ ኬቨን በጥድፊያ ተረስቶ ቺካጎ አጠገብ ካለው ቤታቸው ብቻውን ይቀራል። ልጆቻችን የሚወዱት ሌቦቹ ሲወድቁ ማየትን ነው።

እኛ ግን የምናተኩረው በቤተ ክርስቲያን ውስጥ በሚታየው ክፍል ላይ ነው። ታላቅ ወንድሙ «ነፍሰ ገዳይ» እያለ ያስፈራራባቸው ጎረቤት፥ ሽማግሌው ማርሊ፥ ከወንድ ልጃቸው ጋር ስለ ተጣሉ የልጅ ልጃቸውን መዝሙር ከሩቅ ሊሰሙ መጥተዋል። ቀርበው ሲያነጋግሩት ኬቨን ያገኘው ገዳይ ሳይሆን ብቸኛ አባት ነው፤ ለልጃቸው እንዲደውሉም ይመክራቸዋል። በልደት ጧት አባትና ልጅ ታርቀው ይታያሉ።

አውሮፕላን ማረፊያው ጎረቤታችን በሆነበት በቦሌም ልጆቻቸውን ወደ ውጭ አገር የሸኙ ወላጆች አሉ። ከእነርሱም መካከል በመድኃኔ ዓለም ሌሊቱን አስቀድሰው፥ የነቢያትን ጾም ብቻቸውን የሚፈስኩ አይጠፉም። ከዋሽንግተን የሚመጣው ስልክ ናፍቆትን ያስታግሣል እንጂ አብሮ አይጎርስም።

እንግዲህ ወላጆች ሆይ፥ ፊልሙ ሲያልቅ ልጆቻችሁን ጠይቁ፦ በግቢያችን ወይም በፎቃችን ስማቸውን እንኳ የማናውቃቸው አረጋዊ ማን ናቸው? መሶቡ ሳይከፈትም ልጁ ራሱ በራቸውን አንኳኩቶ ይጥራቸው።