ተጠግኖ እንደገና የሚቆመው የሞተር መጋዝ
የተደጋጋሚ ብልሽትን መነሻ ለማግኘት የሚረዳ መምሪያ

ለልማት ሠራተኞችና ለኅብረት ሥራ ማኅበራት የተዘጋጀ

መግቢያ

ባሕር ዛፍ በዐፄ ምኒልክ ዘመን፣ በ1887 ዓ.ም. ገደማ ወደ አገራችን ከገባ ወዲህ ለደጋው ገበሬ የማገዶ፣ የቤት መሥሪያና የገንዘብ ምንጭ ሆኖ ቆይቷል። ዛፉ ለረዥም ጊዜ ይቆረጥ የነበረው በመጥረቢያና በሁለት ሰው በሚሳብ መጋዝ ሲሆን፣ አሁን በጋራ ገንዘባቸው የሞተር መጋዝ ገዝተው የሚሠሩ ማኅበራት አሉ።

በእነዚህ ማኅበራት ዘንድ በየጊዜው የሚሰማው ችግር መጋዙ መበላሸቱ ብቻ አይደለም፤ ተጠግኖ ከመጣ በኋላ ጥቂት ቀን ሠርቶ እንደገና መቆሙ ነው። በዚህ ጊዜ ለጥገና የሚወጣው ገንዘብ ይከማቻል፤ ለገዢ የተባለው አጣና በቀጠሮው አይደርስም፤ አባላትም በኦፕሬተሩና በጠጋኙ ላይ ጥርጣሬ ያድርባቸዋል። የልማት ሠራተኛው መካኒክ እንዲሆን አይጠበቅበትም። ነገር ግን ብልሽቱን በሥርዓት አይቶ ለጠጋኙ ትክክለኛውን ነገር ማስረዳት ይችላል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማም ይኸው ነው።

1. ዋናው ቁም ነገር

ተበላሽቶ የተገኘው ዕቃ ሁሉ የብልሽቱ መነሻ አይደለም። አንድ ዕቃ ተለውጦ ያው ብልሽት ከተመለሰ፣ የተለወጠው ዕቃ ተጎጂ እንጂ ጎጂ አልነበረም ማለት ነው።

ለምሳሌ ያህል የሚከተለውን እንመልከት። በበጋ አቧራ የአየር ፊልትሮው ይደፈናል። አየር ስለሚያንስ ሞተሩ ጭስ ያበዛል፤ ጉልበቱም ይቀንሳል። ኦፕሬተሩ ፊልትሮውን ሳያይ በካቻቢቴ የካርቡራተሩን ቪት አጥብቆ ቤንዚኑን ይቀንሳል፤ መጋዙም ለጊዜው ይሻለዋል። ከሳምንት በኋላ ሌላ ሰው ፊልትሮውን ያጸዳል። አሁን አየሩ በዝቶ ቤንዚኑ አንሷል። ከቤንዚኑ ጋር ተደባልቆ የሚገባው ዘይትም አብሮ ስላነሰ ፒስተኑ ይግልና ይነክሳል። ጠጋኙ አዲስ ፒስተን ያስገባል፤ የካርቡራተሩን ቪት ግን የነካው የለም። አዲሱም ፒስተን እንደ ፊተኛው ይነክሳል።

በዚህ ታሪክ ውስጥ ያታለለ ሰው የለም። የጎደለው መነሻውን መጠየቅ ብቻ ነው።

2. መጋዙ ከመፈታቱ በፊት የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ሀ. የቆመው ገና ሲነሣ ነው? ሥራ ሲከብደው ነው? ወይስ ከሞቀ በኋላ?
ለ. ከመቆሙ በፊት ድምፁ ተለውጦ ነበር? ቀጥኖ ጮኸ ወይስ ታፍኖ ሞተ?
ሐ. ቤንዚኑ መቼ ተገዛ? ዘይቱ በምን ተለካ?
መ. ባለፈው ጥገና ምን ተለወጠ? አሮጌው ዕቃ የት አለ?
ሠ. መጋዙ በቅርቡ ከደጋ ወደ ቆላ፣ ወይም ከቆላ ወደ ደጋ ተወስዶ ነበር?

ኦፕሬተሩን በቅጣት ማስፈራራት አይገባም። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትምና፣ ዘይት ሳይጨምር ሠርቶ እንደሆነ በግልጽ የሚናገርበት ሁኔታ ሊመቻችለት ይገባል።

3. የምርመራው ቅደም ተከተል

ከቀላሉና ወጪ ከሌለው ተነሥቶ ወደ ከባዱ መሄድ ያስፈልጋል። ቅደም ተከተሉ ቤንዚን፣ አየር፣ እሳት፣ ግፊት ነው።

ሀ. ቤንዚንና ዘይት

የመጋዙ ሞተር ለብቻው የዘይት ቋት ስለሌለው የሚለሰልሰው ከቤንዚኑ ጋር በሚደባለቀው ዘይት ነው። በመጋዙ ላይ ያለው ሁለተኛ ቋት ለሰንሰለቱ እንጂ ለሞተሩ አይደለም። የድብልቁ መጠን በመጋዙ መመሪያ ላይ ይገኛል። መመሪያው 1 ለ50 የሚል ከሆነ ለ1 ሊትር ቤንዚን 20 ሚሊ ሊትር፣ ለ5 ሊትር 100 ሚሊ ሊትር ዘይት ይጨመራል። 1 ለ25 የሚል ከሆነ ለ5 ሊትር 200 ሚሊ ሊትር ይሆናል። ዘይቱ ለባለ ሁለት ምት ሞተር የተሠራ መሆን አለበት፤ የመኪና ሞተር ዘይት አይተካውም። በቆርኪ ወይም በግምት መለካት ክልክል ነው። በፋርማሲ የሚሸጥ ባለ ምልክት መርፌ ወይም የመድኃኒት መለኪያ ይበቃል።

በመጀመሪያ ግማሹን ቤንዚን፣ ቀጥሎ ዘይቱን ጨምሮ መበጥበጥ፣ በመጨረሻም ቀሪውን ቤንዚን ጨምሮ እንደገና መበጥበጥ ነው። ከአንድ ወር በላይ የቆየ ድብልቅ ለመጋዝ አይሆንም። ጥርጣሬ ሲኖር ጥቂት ድብልቅ በነጭ ጠርሙስ ቀድቶ ማሳረፍ ይጠቅማል፤ ውኃ ካለበት ከታች ተለይቶ ይታያል።

በቋቱ ውስጥ ያለው የቤንዚን ፊልትሮም መታየት አለበት። ከደፈነ መጋዙ ባዶውን ይሠራና እንጨት ሲነካ ይሞታል።

ለ. አየር

የአየር ፊልትሮው በየሥራው ቀን መጨረሻ ወጥቶ መጽዳት አለበት። የሚታጠብ ዓይነት ከሆነ ለብ ባለ የሳሙና ውኃ ይታጠባል፤ ፈጽሞ ሳይደርቅ ግን አይመለስም። የተቀደደ ፊልትሮ ከደፈነው ይብሳል፤ አቧራው ገብቶ ሲሊንደሩን እንደ ሞረድ ይፍቀዋልና። የማርሚታው መውጫ ወንፊትም በጥላሸት ሲደፈን ሞተሩ ስለሚታፈን አብሮ ይታያል።

ሐ. እሳት

ካንዴላውን አውጥቶ መልኩን ማየት ብዙ ነገር ይናገራል። ፈዘዝ ያለ ቡናማ ከሆነ ደህና ነው። ጥቁርና እርጥብ ከሆነ ቤንዚን ወይም ዘይት በዝቷል፣ አለዚያም አየር አንሷል። ነጭ ከሆነ ድብልቁ ቀጥኗል፤ በዚህ ሁኔታ ሥራ መቀጠል ፒስተኑን ማቃጠል ነው። ገመዱ ብዙ ጊዜ ተስቦ ካንዴላው ደረቅ ሆኖ ከተገኘ ቤንዚን እየደረሰው አይደለም። ክፍተቱ በአብዛኞቹ መጋዞች 0.5 ሚሊ ሜትር ነው።

መ. ግፊት

ሞተሩ በጠፋበት፣ ካንዴላው በቦታው ሳለ፣ መጋዙ ከመሬት ጥቂት ከፍ ብሎ በማስነሻው ገመድ እጀታ ይንጠለጠላል። በዝግታና በየመሃሉ ቆም እያለ ከወረደ ግፊቱ ደህና ነው። ምንም ሳይቆም ሸርተት ብሎ ከወረደ ፋሻው ወይም ሲሊንደሩ አልቋል ተብሎ ይጠረጠራል። ይህ ፍንጭ ብቻ ስለሆነ ጠጋኙ በግፊት መለኪያ እንዲያረጋግጠው መጠየቅ ይገባል።

4. የሚመላለሱ ብልሽቶችና መነሻዎቻቸው

ሀ. ጥቂት ደቂቃ ሠርቶ ይቆማል፤ ቆይቶ ይነሣል። እንደቆመ ወዲያውኑ፣ ከእሳትና ከጋለው ማርሚታ ተጠንቅቆ፣ የቤንዚን ቋቱን ክዳን ቀስ ብሎ ማላላት ነው። አየር ወደ ውስጥ ሲሳብ ድምፅ ከተሰማና ሞተሩ ክዳኑ ከተዘጋ በኋላ ከተነሣ የቋቱ መተንፈሻ ደፍኗል ማለት ነው። በዚህ ምክንያት ካርቡራተር መለወጥ ከንቱ ወጪ ነው።

ለ. ሲቀዘቅዝ ይነሣል፤ ሲግል እሳት ያጣል። ቆሞ ሳለ ካንዴላው ተመርምሮ ብልጭታ ከሌለው፣ ሲቀዘቅዝ ግን ከተመለሰ፣ የቦቢናው ጥፋት ሊሆን ይችላል። ምርመራው መደረግ ያለበት ሞተሩ እንደጋለ ነው። ቀዝቅዞ ወደ ከተማ የተላከ መጋዝ ጠጋኙ ዘንድ ሲደርስ ጤነኛ መስሎ የሚታየው ስለዚህ ነው።

ሐ. ጋዙ ተለቆ ሳለ ሞተሩ ይጮኻል፤ አይወርድም። ይህ ከሁሉ የከፋው ምልክት ነው። በካርቡራተሩና በሲሊንደሩ መካከል ካለው ጎማ፣ ወይም ከሞተሩ ዋና ዘንግ ማገጃ ጎማዎች አየር እየገባ ሊሆን ይችላል። ቪት በማዞር አይድንም። መጋዙ ወዲያው ከሥራ መውጣትና ሞተሩ ተደፍኖ የአየር ማፍሰስ ምርመራ እንዲደረግለት መላክ አለበት።

መ. ፒስተኑ በተደጋጋሚ ይነክሳል። አሮጌውን ፒስተን ተቀብሎ ማየት ያስፈልጋል። ጭረቱ በማርሚታው በኩል ብቻ ከሆነ የቀጠነ ድብልቅና ከመጠን ያለፈ ግለት፣ ዙሪያውን ከሆነ የዘይት እጦት፣ በካርቡራተሩ በኩል ፈዞ የተበላ ከሆነ የአቧራ መግባት ይጠረጠራል። መነሻው ሳይታወቅ አዲስ ፒስተን እንዲገባ መፍቀድ አይገባም።

5. የቦታ ከፍታ

ይህ ጉዳይ ለአገራችን ልዩ ትርጉም አለው። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ 2800 ሜትር ገደማ፣ በዚያው መንገድ ወርዶ የሚገኘው ሸዋ ሮቢት ደግሞ 1300 ሜትር ገደማ ከፍታ አላቸው። በደጋ አየሩ ስስ ስለሆነ ቤንዚኑ ይበዛበታል፤ ስለዚህ ካርቡራተሩ ቤንዚን እንዲቀንስ ይስተካከላል። ያው መጋዝ ሳይስተካከል ቆላ ወርዶ ቢሠራ የሚገባው አየር ከአሥር አንድ እጅ በላይ ስለሚጨምር ድብልቁ ይቀጥናል፤ ፒስተኑም ለአደጋ ይጋለጣል። ስለዚህ ወደ ቆላ ሲወረድ መጋዙ ሥራ ከመጀመሩ በፊት ቤንዚኑ ከፍ እንዲል መስተካከል አለበት። ስንት እንደሚዞር በመመሪያው መሠረት የሚወስነው የሠለጠነ ሰው ነው። ካርቡራተራቸው ራሱን የሚያስተካክል አዳዲስ መጋዞች ይህ አያስፈልጋቸውም።

6. ሞተሩን የሚገድል ሰንሰለት

ኦፕሬተሩ «ጉልበት አጣ» የሚለው መጋዝ ብዙ ጊዜ የደነዘ ሰንሰለት ያለበት ነው። የተሳለ ሰንሰለት የእንጨት ፍቅፋቂ ይጥላል፤ የደነዘ ግን እንደ ዱቄት ያደቃል። ሰንሰለቱ ሲደነዝ ኦፕሬተሩ በክንዱ ይጫናል፤ ሞተሩ ይግላል፤ ፍሪሲዮኑም ይቃጠላል። ባሕር ዛፍ መሬት ለመሬት ተጎትቶ ልጡ ውስጥ አሸዋ ከያዘ ሰንሰለቱን በጥቂት ደቂቃ ያደነዝዛል። ስለዚህ ግንዱን ከመሬት ከፍ አድርጎ መቁረጥ ይመረጣል። ቤንዚን በተሞላ ቁጥር የሰንሰለቱ ዘይትም መሞላት አለበት። ዘይቱ መድረሱን ለማወቅ፣ የመጋዙን ጫፍ ሳያስነኩ ወደ አንድ ንጹሕ ገጽ አቅርቦ ሞተሩን ማስጮህ ነው፤ የዘይት መስመር መታየት አለበት።

7. የመጋዙ መዝገብ

ለእያንዳንዱ መጋዝ አንድ ደብተር ይኑር። ቀኑ፣ የሠራበት ሰዓት፣ የሠራበት ቦታ፣ የኦፕሬተሩ ስም፣ የታየው ምልክት፣ የተለወጠው ዕቃና ዋጋው ይጻፍበት። በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ማስተካከልና ውጤቱን መጻፍ ልማድ መሆን አለበት። ሦስት ነገር አብሮ ከተለወጠ ያዳነው የትኛው እንደሆነ አይታወቅም። የተለወጠው አሮጌ ዕቃ ሁሉ ከደረሰኙ ጋር ለማኅበሩ ይመለስ።

የአንድ ዓመት የጥገና ወጪ ወደ አዲስ መጋዝ ዋጋ እኩሌታ ሲቀርብና መነሻው ሳይታወቅ ሲቀር፣ ጉዳዩ በደብተሩ ማስረጃነት ለአባላት ጉባኤ ይቅረብ። መጋዙ ለመለዋወጫ ይቀመጥ ወይም ይወገድ ብሎ የሚወስነው ጉባኤው ነው። ነገር ግን የዘይት ልኬቱና የፊልትሮ ጽዳቱ ካልታረመ አዲሱም መጋዝ የአሮጌውን መንገድ እንደሚከተል አስቀድሞ ለአባላቱ መነገር አለበት።

ማሳሰቢያ

- ጋዙ ተለቆ ሳለ ሰንሰለቱ የሚዞር ከሆነ ወይም የሰንሰለት ፍሬኑ የማይዝ ከሆነ፣ ሞተሩ ቢሠራም መጋዙ እንደ ተበላሸ ይቆጠራል፤ ለሥራ አይሰጥም።
- በጋለ ሞተር ላይ ቤንዚን አይሞላም፤ በአቅራቢያውም ሲጋራ አይጨስም።
- መጋዙ የሚነሣው መሬት ላይ ተቀምጦ፣ የሰንሰለት ፍሬኑ ተይዞ ነው።
- ያለ ራስ ቁር፣ ያለ ዓይን መከላከያና ያለ ጠንካራ ጫማ መቁረጥ ክልክል ነው።
- ሰንሰለት ሲሳልም ሆነ ሲጠብቅ ሞተሩ ይጥፋ፤ ጓንትም ይደረግ።